እንግዳ የሚመጣው በአርብ ቀን ብቻ አይደለም



በዚህ በንግድ ምክር ቤታችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ዘወትር የምናነበው ስለ ቡናና ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥና ስለ ጭነት መኪና ኪራይ ነው። ይህ ሁሉ ለነጋዴ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። እኔ ግን ዛሬ በኩንታል ስለማይመዘን፣ በኬላ ስለማይፈተሽ፣ ነገር ግን በየከተማችን ደጃፍ እያለፈ ስለሚሄድ አንድ ገበያ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እፈልጋለሁ። ይኸውም በዓል ለማክበር፣ ገዳም ለመሳለም፣ ወይም ዕረፍት ለማግኘት ብሎ ከቤቱ የሚወጣው ሰው ነው።

እኔ በአርብ ገበያ ከተማ በአንድ ነጋዴ ቤት የሂሳብና የደብዳቤ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ የገባውንና የወጣውን በመዝገብ ማስፈር ስለ ሆነ፣ የምናገረውም ከመዝገብ ያገኘሁትን ነው። ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ከመናገሬ በፊት የቤታችንን ጥፋት አስቀድማለሁ።

በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በአንድ ሰኞ ቀን፣ የጋይንትን ገዳማት ሊሳለሙ የወጡ መቶ ያህል ሰዎች በሁለት አውቶቡስ ወደ ከተማችን ገቡ። ከባሕር ዳር የተነሡ የአንድ ጽዋ ማኅበር አባሎች ነበሩ። ቀኑ ሰኞ በመሆኑ ዳቦ ጋጋሪዋ አልጋገረችም፤ ምግብ ቤቱ ከአሥር ሰው በላይ የሚያስተናግድበት እንጀራ አልነበረውም፤ የጠላ ቤቷ እመቤትም ጠላ የምትጠምቀው ለአርብ ስለ ሆነ በሯን ዘግታለች። አሠሪዬ በዚያ ቀን ዕቃ ለማምጣት ከከተማ ወጥተው ነበር። ሱቁን የሚጠብቀው ልጅ የሰዎቹን ጥማትና ብዛት ባየ ጊዜ፣ በ12 ብር የምንሸጠውን የታሸገ ውኃ 20 ብር አለው። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ነበርና ሰምቼ ዝም አልሁ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ገንዘቡን ቆጥረው ከሰጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ የምንሳለመው ቦታ ሩቅ ነው ሲሉን አልፈራንም፤ ውኃውም ይህን ያህል ይርቃል ብለን ግን አላሰብንም» አሉት። ልጁ «እማማ፣ ዋጋው እንዲህ ነው» ብሎ መለሰ። ማታ ሂሳብ ስንዘጋ 46 ጠርሙስ ተሽጦ ስለ ነበር፣ ከወትሮው በላይ የተገኘው 368 ብር ሆነ። ይህንንም በራሴ እጅ በገቢ በኩል ጻፍሁት።

በዓመቱ፣ ማለት በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት፣ የዚያው ማኅበር አስተባባሪ በደረሰኛችን ላይ ያገኘውን ስልክ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ ጠየቀኝ። መንገዱ ደኅና መሆኑን ነግሬው መቼ እንደሚደርሱ ብጠይቀው፣ «ስንቃችንን ከደብረ ታቦር ይዘን እናልፋለን፤ እናንተ ዘንድ አንቆምም» አለኝ። ንግግሩ ጨዋ ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም። እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዕሬን አንሥቼ አሰላሁ። መቶ ሰው ለምሳና ለመጠጥ በነፍስ ወከፍ 60 ብር ብቻ ቢያወጣ 6,000 ብር ነው። ይህም በሻማ፣ በጧፍ፣ በጋቢና በማር የሚወጣውን ሳይጨምር ነው። እንግዲህ ለ368 ብር ብለን ከተማችን በየዓመቱ ልታገኘው ትችል የነበረውን 6,000 ብር አባረርን ማለት ነው።

የዚህ ስሕተት ሥር ስስት ብቻ አይመስለኝም። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። እንጀራችን፣ ጠላችን፣ ዝርዝር ገንዘባችን፣ የሱቃችን ዕቃና የልባችን ዝግጅት ሁሉ የሚቆጠረው ከአርብ እስከ አርብ ነው። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ሥርዓት ነው፤ ገበሬው ከደጋና ከቆላ እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚመጣው በዚሁ ቀን ነውና። ነገር ግን ተሳላሚውና ጎብኚው በሳምንት ቀን አይሄድም። እርሱ የሚቆጥረው የወርን ቀን ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ይላል። ከዓመትም መስከረም 21 ቀን ግሸን፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ፣ ጥር 11 ቀን ጎንደር፣ ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ይላል። እኒህ ቀኖች ሰኞም ሆነ ረቡዕ ቢውሉ ለእርሱ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ሁለት አቈጣጠሮች አሉ፤ ነጋዴው በአንዱ፣ እንግዳው በሌላው ሲሄድ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። ትርፋችን የሚጠፋውም በዚህ መካከል ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «በእኛ አገር ሰው ሊያየው የሚወጣበት ምን አለ?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ የሚመጣው ዘወትር የምናየውን ነገር ስለምንንቅ ነው። እስቲ ከቅርብ ጀምረን እንቍጠር።

ጋይንት የዜማ ትምህርት አገር ናት። የድጓ መምህር ሊሆን የሚወድ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ሲጨርስ የሚያስመሰክረው በቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክርም ዙር አምባ ነው። ከመላው ኢትዮጵያ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በእግሩ ወደ እኒህ ቦታዎች ሲመጣ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከውጭ ለሚያያት ሰው እንደ ማንኛውም ክብና የሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ትመስላለች፤ ከውስጥ ግን በድንጋይና በእንጨት በጥበብ የተሠራ እጅግ ጥንታዊ የሆነ አራት ማዕዘን ሕንፃ ተሸሽጎባታል። ቶማስ ፓከናም የተባለ የውጭ አገር ጸሐፊ ይህን አይቶ ተደንቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ለዓለም አስታወቀ። እርሱ ከባሕር ማዶ መጥቶ ያየውን፣ ከእኛ ከነጋዴዎቹ መካከል ስንቱ አይቶታል? እኔ ራሴ ልጆቼን ይዤ ያየሁት ዕድሜዬ አርባ ከሞላ በኋላ ነው።

ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ የመቅደላ አምባ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጐተቱ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እያበጁ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል አልፈው መቅደላ የገቡት በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ብረት በዚህ አገር ገደል ላይ ማለፉን ያሰበ ሰው፣ የጨጨሆን ቁልቁለት በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ብቻ አያልፈውም። ወርዶ መቆም፣ ማየት፣ የሚነግረው ሰው ማግኘት ይፈልጋል። በሚቆምበትም ስፍራ ሻይ ይጠጣል።

ከዚያ ወዲያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ አለ። ብዙ ወንዞች ከእርሱ ይመነጫሉ፤ ብርዱና ነፋሱም የቆላውን ሰው ያስደንቃል። ደብረ ታቦር ቡሄ ሲከበር፣ ጅራፉ ሲጮኽና ሙልሙሉ ሲታደል መገኘት የልጅነት ትዝታን ያድሳል። ወደ ምዕራብ ቢወርዱ በወረታ አጠገብ ወንድና ሴት በእኩል የሥራ ሥርዓት የሚኖሩባት የአውራ አምባ መንደር አለች፤ የእጅ ሽመናዋም ለሸማ ነጋዴ ሊታይ የሚገባው ነው።

ባሕር የሌለው አገር ባሕር ብሎ የሚጠራውን ጣናንም አንርሳ። ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ይህ ሐይቅ ለእኛ የባሕር ዳርቻችን ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ የዘጌን የቡና ጫካ፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል፣ በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ማየት ይቻላል። በአንድ ቀን ዘጌን አይቶ ዓሣ በልቶ መመለስ ይበቃል፤ ናርጋን ግን ረዘም ያለ ጊዜ ሳይዙ አይሄዱባትም። ጢስ ዓባይን ለማየት የሚሻ ሰው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ይሂድ። ውኃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ በበጋ ሄዶ ያዘነ ሰው ብዙ ነው። እንግዳን ከማዘን የሚያድነው ይህን የመሰለ ትክክለኛ ምክር ነውና ምክር ራሱ የንግድ አገልግሎት መሆኑን እናስተውል።

የአገር ጉብኝትን በዘመናዊ ሥርዓት ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን ቃል ለዓለም ባሰሙ ጊዜ፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያገናኝ ታሪካዊ መስመር ተዘረጋ። ይህም ለአገራችን ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል። ነገር ግን የውጭ አገር ጎብኚው በአብዛኛው የሚሄደው በአውሮፕላን ስለ ነበረ፣ ጋይንት ከክንፉ በታች ቀረች። በኋላ ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ መንገድ ሠርተው ነፋስ መውጫ በመኪና ሰው ታየች። እኛ ግን ከዋናው መንገድ ገባ ብለን ስለምንገኝ፣ ተጓዡ ወደ እኛ የሚታጠፍበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ያን ምክንያት መስጠት የመንግሥት ሥራ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ነገር የሌላ አገር ነጋድያን ምን እንዳደረጉ መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር አውራጃ የጥጥ ፋብሪካዎች በዓመት አንድ ሳምንት ሥራ ይዘጉ ነበር። ይህም ሳምንት መነሻው የቤተ ክርስቲያን ክብረ በዓል ነው፤ ማለት እንደ እኛው ንግሥ ማለት ነው። ሠራተኛው በየሳምንቱ ከደመወዙ ጥቂት ሳንቲም በመውጫ ማኅበር እያስቀመጠ፣ በዓሉ ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ በባቡር ወደ ብላክፑል የባሕር ዳርቻ ይሄድ ነበር። ይህ እኛ ዕቁብ የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 መንግሥት ባንኮች የሚዘጉባቸውን የዕረፍት ቀኖች በሕግ ወሰነ፤ በ1938 ደግሞ ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር ዕረፍት እንዲያገኝ የሚያግዝ ሕግ ወጣ። ሕጉ የኋላ ነው፤ ቁጠባውና ጉዞው ግን አስቀድሞ በሕዝቡ ዘንድ ነበረ።

የብላክፑል ነጋድያንም ቁጭ ብለው አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ1894 ታላቅ የብረት ግንብ አቆሙ። በጋው አልቆ እንግዳ በሚቀንስበት በመጸው ወራት ደግሞ የባሕሩን ዳር መንገድ በኤሌክትሪክ መብራት አስጌጡና የገበያቸውን ዘመን በብዙ ሳምንታት አራዘሙት። የባሕር ውኃ ለማየት የማይመች ጊዜ ቢመጣ መብራት እንዲታይ አደረጉ ማለት ነው። ነገር ግን ጉድለትም ነበረባቸው። መኝታ የሚያከራዩ አንዳንድ እመቤቶች ለገበታ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ሳይቀር ለብቻ ያስከፍሉ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ መቀለጃ ሆነዋል። ከዚያም ከ1960ዎቹ ጀምሮ በርካሽ ዋጋ ወደ ስፔን የሚወስድ አውሮፕላን በመጣ ጊዜ፣ እንግዳው ፀሐይን ፍለጋ ጥሏቸው ሄደ። ከሁለቱም፣ ከትጋታቸውም ከጥፋታቸውም፣ የምንማረው አለ።

አሁን ሁለት ተቃውሞዎች ይነሡብኛል፤ ሁለቱም የሚገቡ ናቸው።

የመጀመሪያው ስለ ሰላም ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ በሕዝባችን ላይ ያደረሰው ጕዳት ገና አልተረሳም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበትና ነጋዴ ዕቃው ሳይደርስ የሚያድርበት ቀን ብዙ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ ሰውን «ና፣ ጎብኝ» ማለት ተገቢ ነው ወይ? አይደለም። እኔም ማንም ሰው ደኅንነቱ ባልታወቀ መንገድ እንዲወጣ አልመክርም፤ በጥቂት ትርፍ የሰውን ነፍስ የሚያስይዝ ነጋዴ ከቶ አይኑር። ነገር ግን መንገድ እስኪከፈት ድረስ የሚሠራ ሥራ አለ። ቤት ማጽዳት፣ ጕድጓድ ማስቆፈር፣ ዋጋ መጻፍ፣ ልጆቻችንን እንግዳ መቀበል ማስተማር ኬላ አያግደውም። ሰላም የመጣ ዕለት ያልተዘጋጀ ከተማ፣ ሌላው ከተማ ሲጠቀም ያያል። የጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሰኞ የሰላም ቀን እንደ ነበረም አንርሳ፤ በዚያ ቀን እንግዳውን ያባረርነው እኛ ራሳችን ነን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ቅድስና ነው። አንዳንድ አባቶች «የጸሎት ቦታ ሸቀጥ አይደለም» ይላሉ። እውነት ነው። ቤተልሔም አይሸጥም፤ የተማሪው ዜማም ዋጋ አይወጣለትም። የምንሸጠው እንጀራ፣ ውኃ፣ ሻማ፣ አልጋና ጋቢ ነው። እንዲያውም የታመነ ነጋዴ ለገዳሙ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ሴት የማትገባባቸው ገዳማት አሉ፤ ከጣና ደሴቶች መካከል ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንዲህ ናቸው። ጫማ የት እንደሚወለቅ፣ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚገባ፣ ፎቶግራፍ መቼ እንደማይነሣ እንግዳው ከመድረሱ በፊት ቢነገረው እርሱም አያፍርም፣ መነኮሳቱም አይከፉም። ይህን የሚነግረው የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚሸጥለት ባለሱቅ ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የማቀርባቸው አሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ በየሱቃችንና በየምግብ ቤታችን ቁርጥ ዋጋ ተጽፎ ይለጠፍ። ዋጋው ለጎረቤትና ለእንግዳ አንድ ይሁን። ከሩቅ የመጣ ዕቃ ዋጋው ከፍ ቢል እንግዳ ይረዳል፤ የማይረዳው ፊቱን አይቶ የተቈረጠ ዋጋን ነው።

ሁለተኛ፤ ባለሱቆችና ባለ ምግብ ቤቶች የዓመቱን የንግሥ ቀኖች በወረቀት ጽፈው ከሂሳብ መዝገባቸው አጠገብ ይስቀሉ። በእኒህ ቀኖች ዋዜማ ተራ ገብተው ዳቦ ይጋገር፣ በሶና ቆሎ ይዘጋጅ፣ ጠላ ይጠመቅ፣ ዝርዝር ገንዘብ ይያዝ። ጾም ሲሆን የጾም፣ ፍስክ ሲሆን የፍስክ ምግብ ይቅረብ። ሁሉም ነጋዴ በየቀኑ ይክሰር አላልሁም፤ በተራ ሁለት ቤት ቢዘጋጅ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ንጹሕ አልጋና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይኑር። ስለ ሁለተኛው በጋዜጣ ላይ መጻፍ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ነገር ግን እናቶችና ልጆች የያዘ አውቶቡስ የት እንደሚቆም የሚወስነው ይህ ነው። ሽንት ቤት ባለበት የቆመ አውቶቡስ ምሳውንም እዚያው ይበላል።

አራተኛ፤ እኛ ራሳችን እንውጣ። ነጋዴ ከሱቁ፣ ጸሐፊ ከመዝገቡ፣ ሚስት ከምድጃዋ በዓመት ሁለት ቀን ቢያርፉ ንግድ አይፈርስም። በየሳምንቱ ጥቂት ብር የሚጣልበት የመንገድ ዕቁብ እናቋቁም፤ ሲሞላ ቤተሰባችንንና ሠራተኞቻችንን ይዘን አንድ ዓመት ወደ ጣና፣ አንድ ዓመት ወደ ጎንደር፣ አንድ ዓመት እዚሁ ወደ ቤተልሔም እንሂድ። ያላየነውን አገር ለእንግዳ ልናሳይ አንችልምና። ደግሞም በሌላ ከተማ ተጠምቶ፣ ተርቦ፣ በውድ ዋጋ ገዝቶ የተመለሰ ባለሱቅ፣ በራሱ ደጃፍ የቆመውን ተጠሚ ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም።

አምስተኛ፤ ክቡር ምክር ቤታችን በየዞኑ የሚከበሩ በዓላትን፣ ወደ ቦታዎቹ የሚወስዱትን መንገዶችና አመቺ የሆኑትን ወራት የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት አሳትሞ ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች ቢያድል መልካም ነው። ቡና ላኪው ከውጭ የመጣ ደንበኛውን ዘጌ ወስዶ ቡናው ከእግሩ ሥር ቆሞ ቢያሳየው፣ በጽሕፈት ቤት ከሚያደርገው ብዙ ንግግር ይበልጥ ያምነዋል። አስመጪውም አብዛኛው እንግዳችን የገዛ አገራችን ሰው መሆኑን ተገንዝቦ፣ ጃንጥላ፣ ፔርሙዝ፣ የእጅ ባትሪና ቀላል ብርድ ልብስ በበዓላት ዋዜማ ወደ ገጠር ከተሞች እንዲደርስ ቢያደርግ ገበያ ያገኛል።

ክቡራን ነጋድያን፤ ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለአሠሪዬ አንብቤላቸዋለሁ። የሱቁ ጥፋት በጋዜጣ እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ስሜን አትጥቀስ፤ ዋጋውን ግን ጥቀስ» አሉኝ። በማግሥቱም የዕቃውን ሁሉ ዋጋ በትልልቅ ፊደል አስጽፈው በሱቁ በር ላይ ለጠፉ። ያ የባሕር ዳር ማኅበር እስካሁን ወደ እኛ አልተመለሰም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ ከዚያም ጦርነት ስለ መጣ፣ ልንፈርድባቸው አንችልም። የአስተባባሪው ስልክ ቍጥር ግን በመዝገቤ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። መንገዱ ያለ ስጋት የሚሄዱበት በሆነ ዕለት እኔው ራሴ ደውዬ፣ ውኃው 12 ብር ላይ እንደማይገኝና ሁሉ ነገር እንደ ተወደደ፣ ነገር ግን እነርሱ የሚከፍሉት እኛ ከተማችን ውስጥ የምንከፍለውን ያህል ብቻ መሆኑን ልነግረው አስቤአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ
አርብ ገበያ